ጎረቤቴ በሁለት ጾም መካከል የደበቀው ሕመም

ዜማና አቋቋም ተምሬ፣ ዜማና አቋቋም እያስተማርኩ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሥራ ሥር አልተማርኩም። ይህን ለከሚሴ ሰው ስንት ጊዜ እንደነገርኩት እግዚአብሔር ያውቃል፤ የሚያምነኝ ግን የለም። ጥምጣም የጠመጠመ ሁሉ በጓዳው ቅጠል የሚቀጠቅጥ ይመስለዋል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ደጄን ይመታል፤ አንዱ ለመካን ላም፣ ሌላው እንቅልፍ ላጣ ሕፃን መድኃኒት ይለምናል። እቆጣለሁ፤ እነርሱም ይስቁና ይመለሳሉ።

ሁዳዴና ረመዷን በአንድነት በዋሉበት ዓመት፣ በመጋቢት ሙቀት፣ ጎረቤቴ ሐጂ ደጄን ከፍቶ ሲገባ ግን በፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። ሐጂ የማሾ ነጋዴ ነው። ግቢያችንን የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ነው፤ ልጆቻችን በአጥሩ ቀዳዳ እየተሹለከለኩ በሁለቱም ቤት በልተው አድገዋል። የተጣላ ስናስታርቅ፣ ድንበር ስንለይ፣ ጎን ለጎን የምንቀመጥ ሽማግሌዎች ነን። እኔ እቆጣለሁ፣ እርሱ ያበርዳል፤ ሥራችን በዚህ ተከፋፍሎ ኖሯል።

መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ ወዲያው ተነሣ፤ እንደገና ተቀመጠ።

«የኔታ፣ ሽንት ሲያቃጥል የሚጠጣ ሥር ታውቃለህ?» አለኝ።

«ለማን ነው?»

«ለአንድ ሰው።»

«ሰውዬው የት አለ?»

«አለ። እዚሁ ነው።»

«ዕድሜው?»

«እኔን ያህላል።»

«መልኩስ?»

«የኔታ፣ በአላህ ይሁንብህ፤ ካለህ ስጠኝ፣ ከሌለህ ተወኝ!»

ሥር እንደሌለኝ፣ ቢኖረኝም እንደማልሰጠው ነገርኩት። «እዚያ ማዶ ሆስፒታል አለ፤ ሰውዬህን ይዘህ ሂድ። ካቻምና እኔን ያዳነኝ እርሱ ነው» አልኩት። ሐጂ ከመደቡ ተነሥቶ ሽርጡን አጠባበቀና ከበሩ ላይ ቆሞ፣ «አንተ ሄደህ ያተረፍከውን አይቻለሁ» ብሎኝ ወጣ።

ያተረፍኩትን ልናገር፤ የሐጂ ጥፋት የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

እኛ ማኅሌት የምንቆም ሰዎች አንድ የማይረባ ኩራት አለን። ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ አንጠጣም። ጾሙ ያዘዘውን ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ነገር ግን ጾም በሌለበትም ጊዜ ቢሆን፣ ከአገልግሎት መካከል ወጥቶ ሽንት ቤት መሄድ ነውር ስለሆነብን አስቀድመን ሰውነታችንን እናደርቃለን። «እገሌ አንድ ጊዜ ሳይወጣ አነጋ» መባል በእኛ ዘንድ ከድምፅ ማማር ይበልጣል። ይህን የሚያዝ ሥርዓት የትም አልተማርኩም። መምህሮቼም አላስተማሩኝም። እርስ በርሳችን እየተያየን ያመጣነው ሸክም ነው። በቆላ ከተማ፣ ላብ እንደ ዝናብ በሚወርድበት አገር፣ ውሃ ባለመጠጣት እንፎካከራለን።

ካቻምና በዚህ ልማድ መካከል ሽንቴ እንደ በርበሬ ያቃጥለኝ ጀመር። እሄዳለሁ፣ ይንጠባጠባል፤ እመለሳለሁ፣ እንደገና ይጠራኛል። ብርድ ነው አሉኝ። በፀሐይ የጋለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ ነው አሉኝ። ከጨረቃ ፊት ለፊት ሸንተህ ነው ያሉኝም አሉ፤ እነዚህ የዜማ ምልክት ሲሳሳት ከሩቅ የሚለዩ ሰዎች ናቸው! ከዚያ ብርድ ብርድ ብሎኝ ትኩሳት ሲጨመር ሆስፒታል ሄድኩ። ሽንቴን መረመሩ፤ በመሣሪያ ሆዴን አዩ፤ ከፊኛው በታች ያለችው ፕሮስቴት የምትባለው ዕጢ በዕድሜ ብዛት አብጣ መውጫውን እንዳጠበበችው፣ ሽንቱ ተሟጦ ስለማይወጣ ቁስለት እንደፈጠረ ነገሩኝ።

ሐኪሙ በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ ያስረዳኝ ግን መምህር ደቀ መዝሙሩን እንደሚያስረዳ ነው። ወንድ ልጅ ሲሸና የሚያመው በአንድ ምክንያት ብቻ እንዳልሆነ አስተማረኝ። በወጣቶች ላይ ብዙ ጊዜ ጨብጥና የመሳሰሉት ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ባልም ሚስትም አብረው ይታከማሉ። በእኛ ዕድሜ ግን የዕጢዋ ማበጥ አለ፤ የዕጢዋም መቁሰል አለ፤ ውሃ ከማነስ ጋር የሚመጣ ጠጠር አለ፤ የስኳር ሕመም ገላውን ለቁስለት ያጋልጠዋል። ለአንዱ የሚሰጠው መድኃኒት ለሌላው አይሆንም፤ ስለዚህ ሳይመረመሩ እንክብል መዋጥ በጨለማ ድንጋይ መወርወር ነው አለኝ። የቁስለቱን መድኃኒት እስከ መጨረሻው እንድውጥ፣ ዕጢዋን የሚያላላውን በየቀኑ እንድወስድ፣ ውሃ እንድጠጣ አዘዘኝ። የንስሐ አባቴም «ሕመምተኛ በሐኪም ትእዛዝ ይኖራል» ብለው ከጾሙ ፈቱኝ። ዳንኩ።

ደጀ ሰላም ተቀምጬ ወንድሞቼ «ምን ሆነው ቀሩ?» ሲሉኝ፣ የሆንኩትን ሁሉ ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው። ሳቁ። ያውም እንዴት ያለ ሳቅ!

«የኔታ፣ በስተርጅና ከየት አመጡት?» አለ አንዱ።

«ባለቤታቸው ሰምተዋል ወይ?» አለ ሌላው። ሦስተኛው ደግሞ ካባውን በአፉ ጎርሶ ይንቀጠቀጣል።

ቀን ሳይመሽ ወሬው ገበያ ደረሰ። በሐጂ መጋዘን ውስጥ ደላሎቹ «የማርያሙ መሪጌታ ጨብጥ ይዟቸዋል አሉ» እያሉ ሲሳሳቁ ሐጂ ማሾውን እያስመዘነ ሰምቷል። ራሱ ነው የነገረኝ። ያን ጊዜ ተቆጥቶልኝ ነበር። ሕመሙ በራሱ በደረሰ ጊዜ ግን ያ ሳቅ ከጆሮው አልጠፋም። እነዚያ ሰዎች እኔን አልጎዱኝም፤ እኔ ሳልጠየቅም የምናገር ሰው ነኝ። የጎዱት ሰምቶ ዝም ያለውን ነው።

ሐጂ ከደጄ ከወጣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ባለቤቱ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ጠሩኝ። ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበውታል።

«የኔታ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ለማንም እንዳያወሩብኝ።»

«ይንገሩኝ።»

«ሰውዬው መስጊድ ቀረ።»

ደነገጥኩ። ሐጂ በረመዷን ከመስጊድ የሚቀር ሰው አይደለም።

«የሌሊቱን ሶላት፣ ተራዊህን ቀረ፣ ጁምዓም ቀረ። ሰው ሐብት አኩርቶት ነው ይላል። ወላሂ አይደለም የኔታ! ቤት ውስጥ እያለቀሰ ይሰግዳል፤ ሰግዶ ይነሣና አልሆነልኝም ብሎ እንደገና ይታጠባል። ሽርጡን እኔ እንዳጥብለት አይፈቅድም፤ ራሱ ያጥባል። ይህን ያህል ዘመን አብሬው ስኖር ልብስ ሲያጥብ አይቼው አላውቅም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ ከባቲ ገበያ ያመጣው ጥቁር ነገር በጠርሙስ አለ፤ ከሱ ይጠጣል። ውሃ ግን አይጠጣም። ሲያፈጥር ቴምር ይቀምስና አንድ ጉንጭ ተጎንጭቶ ይተወዋል። ውሃ ስጠጣ ነው የሚብሰኝ ይላል።»

ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገለጠልኝ። የሚንጠባጠብ ሽንት ውዱኡን፣ የሶላት ትጥበቱን፣ ያፈርስበታል፤ ንጹሕ ሳልሆን ሰልፍ ውስጥ አልቆምም ብሎ ቀርቷል። እንዳይንጠባጠብ ብሎ ደግሞ ውሃ ትቷል። እኛ ለማኅሌት ክብር የምናደርገውን እርሱ ለሶላት ክብር አደረገው። ሁለት ሃይማኖት፣ አንድ ስሕተት! ቁጣዬ ከጫማዬ ተነሥቶ ጥምጣሜ ደረሰ።

በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ሐጂ ከማሾው ጆንያ ኋላ ጎንበስ ብሎ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ላቡ ከጢሙ ይንጠባጠባል።

«ያ ሰውህ እንዴት ሆነ?» አልኩት፤ አሁንም አልራራሁለትም ነበር።

«አትቀልድብኝ የኔታ» አለ በቀስታ። «ከትናንት ጀምሮ እንቢ ብሎኛል። ጠብታም የለም።»

እጄን ይዞ በሆዱ ላይ አኖረው። ከእምብርቱ በታች እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቅኩትም። ደላላውን ጠርቼ ባጃጅ አስመጣሁ። ሐጂ በየጉድጓዱ ጥርሱን ሲያፋጭ፣ የባጃጁ ነጂ በመስተዋቱ አየንና ለመቀለድ ፈለገ።

«የኔታ፣ ሐጂን ሊያጠምቋቸው ነው እንዴ የሚወስዷቸው?»

«አንተ መንገዱን እይ! ጉድጓድ ብትገባ አንተን ነው የማጠምቅህ!» አልኩት። ሐጂ በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ «ህም» አለ፤ ሳቅ ይሁን ሕመም አልለየሁም።

እኔን ያከመኝ ሐኪም ተረኛ ነበር። ሆዱን በእጁ እንደነካ ነገሩን ዐወቀ። ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫው አስገብቶ ወደ ፊኛው ማድረስ፣ ሽንቱም በጎን በሚንጠለጠል ከረጢት እንዲጠራቀም ማድረግ እንደሚያስፈልግ ነገረን። ቱቦው ምናልባት ለሳምንታት ይቆያል። ሽንቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ኩላሊቶቹን እየጫነ ስለሆነ ቢዘገይ ኩላሊቶቹ ይሞታሉ፤ ከኩላሊቶቹ ጋርም ሰውየው።

ሐጂ ራሱን ነቀነቀ።

«አይሆንም።»

«ሐጂ፣ ይሞታሉ እኮ ነው የምልዎት» አለ ሐኪሙ።

«ሽንቴን በጎኔ አንጠልጥዬ ጌታዬ ፊት አልቆምም። ልሙት፤ ንጹሕ ሆኜ ልሙት።»

እኔ ጮኽኩ። ሕመምተኞች እስኪዞሩ ድረስ ጮኽኩ። «ማን አለህ? ማን ነው ጌታህ አይቀበልህም ያለህ? አንተ ነህ? ገበያ ያለው ደላላ ነው?» አልኩት። ሐጂ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ግድግዳው ዞረ። ክርስቲያን ሆኜ ስለ ውዱእ ልፈርድለት እንደማልችል ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ የሚችለውን ፍለጋ ወጣሁ።

ጥምጣሜን እንደጠመጠምኩ፣ መቋሚያዬን እንደያዝኩ፣ መስጊዱ ደጅ ደረስኩ። የቀትሩ የዙህር ሶላት ተሰግዶ ሰው እየወጣ ነበር። ሁሉም ቆሞ አየኝ። ኢማሙን «ይምጡልኝ፤ ሰው ሊሞት ነው» አልኳቸው። አንድ ቃል ሳይጠይቁኝ ጫማቸውን አጥልቀው ተከተሉኝ። በመንገድ ላይ ነገሩን ስነግራቸው «ላ ኢላሃ ኢለላህ! ለዚህ ነው?» እያሉ ፍጥነታቸውን ጨመሩ።

ኢማሙ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጡና የሐጂን እጅ ያዙ።

«ሐጂ፣ ይህን ነገር ጠይቀህ ታውቃለህ?»

«አልጠየቅኩም።»

«ለምን?»

«ብጠይቅ አይታወቅብኝም?»

ኢማሙ የሐጂን እጅ ጠበቅ አደረጉ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ስማኝ። ሽንቱ የማይቋረጥለት ሰው የሶላቱ ወቅት ሲገባ ውዱእ ያደርጋል፣ ይሰግዳል። ሲሰግድ የሚወጣው አይጎዳውም። ይህ ገና በልጅነታችን የተማርነው ነው። ጾሙንም የታመመ ሰው ይፈታል፤ ሲድን ይከፍለዋል፣ የማይድን ከሆነ ድሃ ያበላል። አንተ አላህ ያቀለለልህን አክብደህ ራስህን ልትገድል ነው? ነፍስህ ያንተ ናት እንዴ?» አሉት።

ሐጂ አለቀሰ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው። እኔ ግን ከማዘን ይልቅ ተቆጣሁ፤ ዛሬም ሳስታውሰው እቆጣለሁ። በእጁ ያለውን መልስ አንድ ቃል ጠይቆ ማግኘት ሲችል፣ ቢጠይቅ ይታወቅበታል ብሎ፣ ሰውነቱን በመርዝ ሞልቶ ሊሞት ነበር! ይህን ሰው የከለከለው ሃይማኖቱ አይደለም፤ የእኔም ሃይማኖት የእኔን ጓደኞች ውሃ አልከለከለም። የከለከላቸው የጎረቤት ጥርስ ነው። ስለ ሆድ ቁርጠት፣ ስለ ጥርስ፣ ስለ ወገብ በአደባባይ እናወራለን። ከወገብ በታች ያለው ሲያመን ግን ሁሉም ዝሙት ይሆናል፤ ከሣሹም ዳኛውም ገበያ ነው። ጨብጥስ ቢሆን? የሚታከም ሕመም አይደለምን? ኃጢአት ካለ ንስሐ አለው፤ ቁስል ካለ መድኃኒት አለው። አንዱን ከሌላው ጋር ቀላቅለን ሰው የምንገድለው ለምንድን ነው?

«አድርገው» አለ ሐጂ ለሐኪሙ።

ከመጋረጃው ውጭ ከኢማሙ ጋር ቆመን ጠበቅን። በመጀመሪያ የሐጂን ማቃሰት ሰማን፤ ቀጥሎ ረጅም፣ ከጥልቅ የሚወጣ እፎይታ፤ ከዚያ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያለ ሲደጋግም። ከረጢቱ ሞልቶ ተቀየረ። ሽንቱ ደብዛዛና ደም የቀላቀለ ነበር።

ሐኪሙ ሲወጣ ያንን የባቲውን ጠርሙስ በእጁ ይዞ ነበር፤ የሐጂ ባለቤት ደርሰው አምጥተውለታል። «ከዚህ ሌላ ምን ወስዷል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከመድኃኒት መደብር ያለ ምርመራ የገዛውን እንክብል ጀምሮ ሲሻለው እንዳቋረጠው ሐጂ ከአልጋው ላይ ተናገረ። ሐኪሙ የተቆጣው ያን ጊዜ ነው፤ ደስ አለኝ። ብቻዬን መቆጣት ሰልችቶኝ ነበር።

የደም ምርመራው ኩላሊቶቹ እንደተጎዱ ስላሳየ ወደ ደሴ ተላከ። እኔም አብሬው ሄድኩ። በዚያ የቁስለቱን መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጡት፤ ቱቦውም እንዳለ ሆነ። ዕጢዋ በቀዶ ሕክምና እንድትወጣ ቢወሰንም፣ ኩላሊቶቹ እስኪያገግሙ መጠበቅ ነበረባቸው። ከቀናት በኋላ የዎርዱ ሐኪም መጥቶ ኩላሊቶቹ መመለስ መጀመራቸውን ነገረን።

«መመለሳቸው የሚቀጥለው ግን በእርስዎ እጅ ነው» አለው ለሐጂ። «ቀኑን ሙሉ ውሃ ይጠጣሉ። ጥም እስኪመጣ አይጠብቁም፤ ማታንም አይጠብቁም። ውሃውን ከተዉ ግን እዚህ የሚመለሱት ለሌላ ነገር ነው፤ በማሽን ደም ለማጠብ።»

ሐጂ «እሺ» አለ። እሺታው አላማረኝም።

ወደ ከሚሴ የተመለስነው በሚኒባስ ነው። ረመዷን ገና አላለቀም። ሐጂ በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል፤ ከረጢቱን ከሽርጡ ሥር ሰውሮ በላዩ ላይ ጋቢውን ደርቧል። የገዛሁለት የውሃ ጠርሙስ በጉልበቶቹ መካከል ነው። ከኮምቦልቻ ወርደን ሐርቡን ስናልፍ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። ሐጂ ጠርሙሱን አልነካም።

«ጠጣ» አልኩት በሹክሹክታ።

«እንደርሳለን።»

«ሐጂ፣ ከንፈርህ ተሰንጥቋል። ጠጣ።»

«ጾመኛ በሞላበት መኪና? ኮፍያ አድርጌ፣ ጢሜን አስረዝሜ፣ በረመዷን ቀን ውሃ ልጠጣ? ቤት ስገባ እጠጣለሁ አልኩህ።»

እንግዲህ ይህ ሰው ከሞት አፍ ወጥቶ፣ ኢማሙ ነግረውት፣ ሐኪሙ አስጠንቅቆት፣ ዳግመኛ ለሚያውቁትም ለማያውቁትም ሰዎች ዓይን ሲል ኩላሊቶቹን ሊሰዋ ነው! ሹክሹክታዬ አለቀ። ተነሥቼ፣ ጣሪያው ጥምጣሜን እየጨፈለቀው፣ ወደ ኋላ ዞርኩ።

«ሰዎች ሆይ፣ ስሙኝ! ይህ ሽማግሌ ታሟል። ሽንት እንቢ ብሎት ሊሞት ነበር። ሐኪም ውሃ ጠጣ ብሎታል፤ ኢማሙም ፈቅደውለታል። እናንተን አፍሮ ነው የማይጠጣው። የሚስቅበት ካለ አሁን ይሳቅ፤ ፊቱን ልየው!»

ሐጂ ጋቢውን በፊቱ ላይ ሳበው። እኔ መልሱን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ለፌዘኛው የምለው፣ ለሚንሾካሾከው የምለው በአፌ ውስጥ ተሰልፏል።

ከኋላ ወንበር የሽንኩርት ጆንያ ያቀፈች ሴት ናት የመለሰችልኝ። ከንፈሯ በጾም ደርቋል።

«ጠጡ እንጅ አባቴ!» አለች ወደ ሐጂ። «እኛ ምን አገባን? አላህ ያሽርዎ።»

ከጎኗ ያለው ገበሬ «አሚን» አለ። ከፊት ያሉት ሁለት ሰዎች ዞር ብለው «አላህ ያሽርዎ» አሉና ጨዋታቸውን ቀጠሉ። ሾፌሩ ሐጂ እንዳይፈስበት ብሎ ፍጥነቱን ቀነሰለት። ይኸው ነው።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚጣላኝ አንድ እንኳ አጣሁ፤ ይህም ይበልጥ አናደደኝ። ሐጂ ከጋቢው ውስጥ እጁን አውጥቶ ልብሴን ጎተተኝ።

«ተቀመጥ አንተ ሰውዬ። አዋረድከኝ» አለኝ።

«ጠጣ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ጠርሙሱን ከፈተ። ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደጋግሞ፣ ሳያቋርጥ። ግማሹን ጠጥቶ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ የቀረውንም ጨረሰው።